ባለጅራት ቢራቢሮ ምንድን ናት?

ልጅን ከባለጅራት ቢራቢሮ ጋር ማስተዋወቅ ሲታሰብ የምትበረውን ማሳደድ ድካም ብቻ ነው። ወደ ሎሚ ወይም ወደ ብርቱካን ዛፍ ወስዶ ለጋ ቅጠሎቹን ገለጥ ገለጥ እያደረገ እንዲፈልግ መተው ይሻላል። እድል ከቀናው ቅጠል ላይ የወፍ ኩስ የመሰለ ነገር ያገኛል፤ ቡናማ፣ ወገቡ ላይ ነጭ ጣል ያለበት፣ እርጥብ የሚመስል። ተጸይፎ ፊቱን ሊያዞር ሲል «ኩሱ» ቅጠሉን መጋጥ ይጀምራል። የባለጅራት ቢራቢሮ እጭ ነው። ወፍ እንዳትለቅመው የራሷን ኩስ መስሎ ይቀመጣል።

ባለጅራት የአንዲት ቢራቢሮ ስም አይደለም፤ ከ550 በላይ ዝርያ ያለው፣ በሳይንስ ፓፒሊዮኒዴ የተባለ ቤተሰብ ነው። የብዙዎቹ የኋላ ክንፍ ጫፉ ላይ ቀጠን ብሎ ይረዝማል፤ ጅራቷ እንደ ባላ የተከፈለችውን ጨረባ የምትባል ወፍ ስለሚያስታውስ በእንግሊዝኛም በጀርመንኛም «የጨረባ ጅራት» ይሏቸዋል። ጅራት የሌላቸው የቤተሰቡ አባላትም አሉ። በዓለም ትልቋ ቢራቢሮ፣ የፓፑዋ ኒው ጊኒዋ የንግሥት አሌክሳንድራ ቢራቢሮ፣ ከዚሁ ቤተሰብ ናት፤ የሴቷ ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 25 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ጅራት ግን የላትም።

ጅራቱ ምን ይጠቅማታል? ወፍ ስትወረወርባት ሰውነቷን ስታ ጅራቷን ትነክሳለች። ጅራቱ ይቀነጠሳል፣ ቢራቢሮዋ ታመልጣለች። አንድ ጅራት የጎደላት ቢራቢሮ ያየ ልጅ ከወፍ አፍ የተረፈች አይቶ ይሆናል።

እናት እንቁላሏን ያገኘችው ቅጠል ላይ አትጥልም። መጀመሪያ በፊት እግሮቿ ቅጠሉን መታ መታ ታደርገዋለች፤ የምትቀምሰው በእግሯ ነውና። አንዳንዶቹ ዝርያዎች ሎሚ፣ ብርቱካንና ጤና አዳም ይመርጣሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ የካሮት ቅጠልና እንስላል። እጩን ቤት ውስጥ ማሳደግ የሚፈልግ ይህን ልብ ይበል፦ ከሎሚ ቅጠል ላይ የተነሳ እጭ ጎመን ቢሰጡት አይነካም፤ ተርቦ ይሞታል። ከተገኘበት ተክል ትኩስ ቅጠል በየቀኑ ያስፈልገዋል፤ ፀረ ተባይ ያልተረጨበት።

እጩ እያደገ አራት ጊዜ ቆዳውን ይገፋል። በሎሚ ላይ ያለው በመጨረሻው ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ ቅጠሉን ይመስላል። ያኔ በቀጭን ሣር ጀርባውን ነካ ቢያደርጉት ከጭንቅላቱ ኋላ ብርቱካናማ ወይም ቀይ፣ እርጥብ፣ እንደ ባላ የተከፈለ ቀንድ ብቅ ይላል። የከረፋ ሽታ ይከተላል። ጉንዳንን የመሰሉ ጠላቶቹን የሚያባርረው በዚህ ነው፤ ስሙ ኦስሜቴሪየም ይባላል። ልጆች ድገመው ማለታቸው አይቀርም፤ ለእጩ ግን ጭንቀት ስለሆነ አንዴ ይበቃል።

ከዚያ መብላቱን ያቆምና እንጨት ላይ ወጥቶ፣ ጅራቱን አጣብቆ፣ ወገቡን በሐር ክር ታጥቆ ሙሽሬ ይሆናል፤ ሙሽሬ ማለት እጩ ወደ ቢራቢሮ የሚለወጥበት ደረጃ ነው። ጠፍር ታጥቆ ዛፍ የሚወጣ ሰው ይመስላል። በብዙዎቹ ዝርያዎች ሙሽሬው እንደተቀመጠበት ቦታ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ይሆናል። ሙቀት ባለበት ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ብርዱ በሚጠናባቸው አገሮች ክረምቱን በሙሉ እንደዚሁ ያሳልፋል።

ቢራቢሮዋ ስትወጣ ክንፎቿ እርጥብና የተጨማደዱ ናቸው። ተንጠልጥላ ከሰውነቷ ፈሳሽ እየገፋች ትዘረጋቸዋለች። መንካትም ማገዝም አይገባም፤ ክንፏ እንደተጣመመ ከደረቀ አይቃናም። ልጁ ክንፏን ሲጠባበቅ አፏንም ጠጋ ብሎ ይይ። የአበባ ማር የምትመጥበት ቱቦ ሲወጣ ሁለት ቀጫጭን ክር ነው፤ ደጋግማ እየጠቀለለችና እየዘረጋች አንድ ታደርገዋለች። ይህን ሳትጨርስ ከቀረች መብላት አትችልም።