ሬትሮ ምንድን ነው?

ሬትሮ የሚባለው ጊዜ ያለፈበት ዕቃ ወይም ጨዋታ፣ የተሻለው በእጃችን እያለ፣ ወደን ስንመለስበት ነው። ዕቃው ማርጀቱ ብቻውን አይበቃም። ተተኪው መኖር አለበት፤ የሚመለስበት ሰውም ሌላ ስላጣ ሳይሆን አሮጌው ስላማረው መሆን አለበት። ይህን ያልለየ ሰው ባለ ቁልፍ ስልክ ባየ ቁጥር «ሬትሮ!» ይላል።

ደብረ ማርቆስ የሚኖረው ወንድሜ መሳቢያው ውስጥ አንድ ኖኪያ 3310 አለችው። ሲም አልገባባትም። እንግዳ ሲመጣ ያወጣታል፣ «እባብ» የሚባለውን ጨዋታ አንድ ዙር ይጫወትባታል፣ ተመልሳ መሳቢያ ትገባለች። ደብረ ኤልያስ ወረዳ ያለው አጎታችን ደግሞ ኖኪያ 1100 በኪሱ ይዞ ገበያ ይወጣል። የእህል ዋጋ ይጠይቅባታል፣ ማታ በረት ሲገባ ያበራባታል። ቁጥሮቹ ከቁልፎቹ ላይ ተፍቀው አልቀዋል፤ የጀርባ ክዳኗ በፕላስተር ተጠቅልሏል፤ እሱ ግን ጣቱ የለመደውን ሳያይ ይደውላል። ወንድሜ አንድ ቀን «አጎቴ፣ ይቺን ስልክ ለምን አትሸጥልኝም? ከተማ እኮ እየተፈለገች ነው» ቢለው፣ «ምን ጎድሏት ነው የምሸጣት?» አለው። የወንድሜ ሬትሮ ናት። የአጎቴ ስልክ ናት፣ በቃ።

ሁለቱ ስልኮች ታሪክ አላቸው። በአገራችን የሞባይል አገልግሎት በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲጀመር፣ የፊንላንዱ ኖኪያ በዓለም ገበያ ላይ የሚስተካከለው አልነበረም። 3310 እ.ኤ.አ. በ2000 ወጥታ 126 ሚሊዮን ያህል ተሸጠች። 1100 እ.ኤ.አ. በ2003 ተከተለች፤ የእሷ ሽያጭ ከ250 ሚሊዮን በላይ ነው፤ ከማንኛውም ስልክ ይበልጣል። ምክንያቱን ለማወቅ አጎቴን መጠየቅ ይቻላል። ጫፏ ላይ እንደ እጅ ባትሪ የሚያበራ መብራት አላት፤ መብራት ላልገባበት ቤት ይህ ብቻውን ስልክ ያስገዛል። የፊቷ ላስቲክ አቧራ እንዳያስገባ ተደርጎ ተሠርቷል፣ ጎኗም በላብ እጅ እንዳያዳልጥ። አቧራና ሙቀት ላለበት አገር ታስባ የተሠራች ስልክ ናት።

ቻርጇ ቀናት መቆየቱም ተአምር አይደለም። የ3310 ስክሪን ወርዱ 84፣ ቁመቱ 48 ነጥብ ነው። ሲባዛ 4032 ነጥብ መሆኑ ነው፣ ያውም ጥቁር ብቻ። ዛሬ ርካሽ የሚባለው ስማርት ስልክ እንኳ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ባለ ቀለም ነጥቦችን ያበራል፤ ከጀርባ ደግሞ ማንም ሳያዘው ከኢንተርኔት ጋር ሲላላክ ይውላል። የድሮው ስልክ ካልተደወለ በቀር ብዙም ሥራ አልነበረውም። የ1100 ባትሪ፣ ቢኤል-5ሲ የሚባለው፣ አሁንም በየገበያው በሚሸጡ ትንንሽ ሬዲዮኖች ውስጥ ይገባል። አጎቴ ዜና ሰዓት ላይ ከስልኩ ነቅሎ ሬዲዮኑ ውስጥ ይከተዋል፤ ዜናው ሲያልቅ ይመልሰዋል። በዚያ መሃል የደወለለት ሰው «አጥፍተህ ነው ወይ?» እያለ ይወቅሰዋል።

ጨዋታዎቹ ግን የወንድሜ ድርሻ ናቸው። እባቡን የሠራው ታኔሊ አርማንቶ የተባለ የኖኪያ መሐንዲስ ሲሆን መጀመሪያ የተጫነው እ.ኤ.አ. በ1997 ይፋ በሆነው ኖኪያ 6110 ላይ ነው። ሐሳቡ ግን ከስልኩ ይቀድማል፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ግሬምሊን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ «ብሎኬድ» የሚል፣ ሳንቲም እየተከተተበት የሚሠራ የማሽን ጨዋታ አውጥቶ ነበር፤ እዚያም እየረዘመ የሚሄድ መስመር እየመሩ ግድግዳ አለመንካት ነው ሥራው። አርማንቶ ያንን ዓይነት ጨዋታ በአራት ቁልፍ አስገባው። እባቧ ትበላለች፣ በበላች ቁጥር ትረዝማለች፣ የገዛ ጭራዋን ከነካች ትሞታለች። ደንቡ ይኸው ነው፤ ለሰባት ዓመት ልጅ በአንድ ትንፋሽ ይነገራል። ተንኮሉ ያለው ግን እዚህ ላይ ነው፦ ሌላ ጠላት አይላክብህም፤ የሚያጠምድህ የራስህ ውጤት ነው። ጥሩ በተጫወትክ ቁጥር መተላለፊያህን ራስህ ትዘጋለህ። ከዚያ ወዲህ በጊጋባይት የሚመዘኑ ጨዋታዎች አይቻለሁ፤ እንዲህ ንጹሕ የሆነ ደንብ ያለው ግን ጥቂት ነው።

3310 ላይ ያለችው ሁለተኛዋ እባብ በአንዱ ጠርዝ ወጥታ በሌላው መግባት ትችላለች። ከእሷ ጎን «ባንቱሚ» የሚል ጨዋታ ተቀምጧል፤ ብዙ ሰው ከፍቶ ሳይገባው የዘጋው እሱን ነው። ባንቱሚ ገበጣ ነው። ደንቡ እኛ መሬት ቆፍረን በጠጠር ከምንጫወተው ይለያል፣ በየወገኑ ስድስት ጉድጓድና አንድ ማጠራቀሚያ አለው፤ ግን መዝራቱም መልቀሙም ያው ነው። ከብት ስንጠብቅ የተጫወትነውን ነገር ፊንላንድ ስልክ ውስጥ ከትታ መልሳ ሸጠችልን። ወንድሜ ይህን ያወቀው ስልኳ ሬትሮ ከሆነች በኋላ ነው፤ በደህናው ጊዜ እባቡን ትቶ ማን ገበጣ ይከፍታል?

የቴሌቪዥኑ ጌም ሌላ ዓለም ነው። ፕሌይስቴሽን 2 እ.ኤ.አ. በ2000 ወጥቶ ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። እኛ ጋ ግን ብዙው ልጅ ገዝቶት ሳይሆን ጌም ቤት ገብቶ ነው የሚያውቀው። አንድ ጠባብ ክፍል፣ መጋረጃ የተጋረደ በር፣ አግዳሚ ወንበር፣ ሁለት ቴሌቪዥን። ኳስ ጨዋታ ይከፈታል፣ በጨዋታ ይከፈላል፣ ተሸናፊ ከፋይ ነው። ስለዚህ ሳንቲም የሌለው ልጅ የሚጫወተው በችሎታው ነው፤ ካሸነፈ ቀኑን ሙሉ አይነሣም፤ ከተሸነፈ ዕዳው ይጻፍበታል። ከኋላ የቆሙት ደግሞ በነጻ ያሠለጥናሉ፦ «አቀብለው! ኧረ አቀብለው!» ስምንት ሜጋባይት የምትይዘው ሚሞሪ ካርድ ካልተሰካች ሙሉ የውድድር ዘመን ተጫውቶ ዋንጫ ሊነሣ ሲል መብራት ይሄዳል፣ ሁሉም ነገር ከዜሮ። ዛሬ ያንኑ ጨዋታ ኢሙሌተር በሚባል፣ አሮጌውን መሣሪያ አስመስሎ በሚሠራ ፕሮግራም፣ ስማርት ስልክ ላይ መጫን ይቻላል። ሥዕሉ ያው ነው፣ ድምፁም ያው ነው። ከኋላ የሚጮህ የለም።

ታዲያ የሚናፈቀው ምንድን ነው? ሥነ ልቦና ያጠኑ ሰዎች ደጋግመው ያገኙት አንድ ነገር አለ፤ ዕድሜው የገፋ ሰው ያለፈ ሕይወቱን ሲያስታውስ በ10 እና በ30 ዓመቱ መካከል የሆነው ይበዛበታል። የመጀመሪያ ፍቅር፣ የመጀመሪያ ደመወዝ፣ ከቤት መውጣት፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። የወንድሜ እኩዮች በዚያ ዕድሜ ላይ ሳሉ በእጃቸው የነበረው ኖኪያ ነው። አሥር ዓመት ቀድመው ተወልደው ቢሆን ካሴት ይናፍቁ ነበር። ኖኪያ የተለየ ምትሃት ስላላት አይደለም።

ናፍቆት ደግሞ መራጭ ነው። ሚስኮልን እንውሰድ። ሒሳብ ላለማስቆረጥ አንዴ አስጠርቶ መዝጋት፣ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ስምምነት ነበረው። በእኛ ቤት ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ዓባይ በረሃ ከመውረዱ በፊት ጎሃ ጽዮን ላይ አንድ ጊዜ፣ ተሻግሮ ደጀን ሲወጣ ሁለት ጊዜ ያስጠራል። በሁለቱ መሃል እናቴ ስልኩን ከእጇ አታወርድም። አሁን ሲወራ ያስቃል፤ ያኔ ግን ሚስኮል የተፈለሰፈው ገንዘብ ስላልነበረ ነው። ጓደኛሞች የፍቅር መልእክት በላቲን ፊደል ሲጽፉ የነበሩትም ደስ ብሏቸው አይደለም፤ ቀፎው ፊደላችንን አያነብም ነበር፣ ባዶ ሣጥን ብቻ ያሳያል። ፊደሉን የሚያነብ ቀፎ ሲመጣ እንኳ፣ በላቲን 160 ሆሄ የሚይዘው አንድ መልእክት በግዕዝ ፊደል 70 ብቻ ነው የሚይዘው። ከ1997 ዓ.ም. አገራዊ ምርጫ በኋላማ የጽሑፍ መልእክት ራሱ ተዘግቶ ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቷል። «የድሮ ስልክ ነበር ደጉ» የሚል ሰው ይህን ሲያነሣ ሰምቼ አላውቅም።

ለእኔ ወዶ መምረጥ የሬትሮ ትርጉም እምብርት መሆኑ የገባኝ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ነው። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ ጎጃም ውስጥ በውድ ዋጋ የተገዛ ስማርት ስልክ ሁሉ መደወያ ብቻ ሆኖ ቀረ። ቻርጁ ቶሎ የሚያልቅ መደወያ። ሰው ከመሳቢያው ባለ ቁልፉን እያወጣ ሲሙን አዛወረ። ያኔ ማንም ሬትሮ አላለውም፤ ማንም ፎቶ አንሥቶ አልለጠፈውም። ያው ስልክ፣ ያው ቁልፍ፣ ያው የእባብ ጨዋታ፤ ወዶ መምረጡ ሲቀር ግን ነገሩ ሌላ ሆነ።

የአገር ልዩነትም አለ። አንዳንድ አገሮች 2ጂ የሚባለውን ኔትወርክ ስለዘጉት አሮጌ ኖኪያ እዚያ ጥሪ አይቀበልም፤ ከማስዋቢያነት አያልፍም። እኛ ጋ ግን ይደውላል። አንዱ አገር መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው ዕቃ ሌላው አገር ገና ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ «ይህ ሬትሮ ነው ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ «የት? በማን እጅ?» ብሎ መመለስ ያስፈልጋል።

ድሮውን ያላዩ ልጆች ባለ ቁልፍ ስልክ ሲፈልጉስ? እሱን ናፍቆት ማለት ይከብደኛል፤ ያልኖሩበትን እንዴት ይናፍቁታል? ብዙዎቹ ከማያልቀው ቪዲዮ ማረፍ ነው የሚፈልጉት፣ ተማሪ ከሆኑ ደግሞ ለፈተና ሰሞን። ነጋዴውም ይህን ዐውቋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ኤችኤምዲ ግሎባል የተባለው ኩባንያ 3310ን በአዲስ መልክ መልሶ አወጣት፤ ባለ ቀለም ስክሪን፣ ካሜራና የተሻሻለች እባብ ይዛ። ስሟ ያው ይሁን እንጂ የድሮዋን የሚፈልግ ሰው እሷን ገዝቶ አይረካም። ቀለም ያላት እባብ ምኗ እባብ ነው?

የድሮዋን ከገበያ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ተጭኖ ይሞክር፤ በተለይ እባቧ የምትዞርባቸውን 2፣ 4፣ 6 እና 8ን፣ ቀድመው የሚያልቁት እነሱ ናቸው። ከዚያ ባትሪውን ነቅሎ ልሙጥ ጠረጴዛ ላይ ያስተኛውና በጣቱ ያሽከርክረው። ጠፍጣፋ ከሆነ ወዲያው ይቆማል። እንደ እንዝርት ከዞረ ሆዱ አብጧልና ሻጩ ምንም ቢምል አይቀበለው። ስልኳን ለትዝታ ብቻ የሚያስቀምጣት ከሆነ ደግሞ ባትሪውን ውስጧ አይተውው፤ ለብቻው በደረቅ ቦታ ያኑረው።