ከድሬዳዋ የተመረጠ ተራ የምክር ቤት አባል፦ የአንድ ዓመት ንግግሩ

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫ አለው። የድሬዳዋ ድርሻ 2 ብቻ ነው። ሚኒስትር ያልሆነ፣ ቋሚ ኮሚቴም የማይመራ የድሬ ተመራጭ ማይክ እስኪደርሰው ብዙ ይጠብቃል።

ድሬ ግን ይህን ሰው አጥብቃ ትፈልገዋለች። ከተማዋ ክልል አይደለችም፤ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ነው። የምትተዳደርበትን ቻርተር፣ አዋጅ ቁጥር 416/1996ን፣ ያወጣው ይኸው ምክር ቤት ነው።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 መሠረት የሥራ ዘመኑ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል። መሀል ላይ የአንድ ወር ዕረፍት ሊኖር ይችላል። የአስፈጻሚውን ሥልጣን የሚመለከት ጉዳይ ለውይይት ይቅረብ ለማለት የአባላቱ አንድ ሦስተኛ መጠየቅ አለበት፤ ከ180 በላይ ሰው ማለት ነው። ብቻውን የሆነ ተመራጭ ግን ሚኒስትር ሪፖርት ሲያቀርብ እጁን አውጥቶ መጠየቅ ይችላል። እዚያ በሰጠው አስተያየትም ሆነ ድምፅ አይከሰስም፤ አንቀጽ 54 ይጠብቀዋል።

ሰው በቴሌቪዥን የሚያየው «ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ዕድሉን ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ» ሲባል ነው። ረቂቅ አዋጅ በዝርዝር የሚታየው ግን ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ ነው። አንዲት ሐረግ እንድትቀየር የደከመ አባል ካሜራ ላይ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ስንት ጊዜ ተናገረ ብሎ መቁጠር ብቻውን ብዙ አይነግረንም። እኔ የዓመቱን ቃለ ጉባኤ በተርታ ባነብ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ጥቅምት ላይ የጠየቀው ጥያቄ ግንቦት ላይ ተመልሶ መጥቷል ወይ?

በድሬ መሀል የሚያልፈውን የደቻቱን ወንዝ እንውሰድ። በጋ ላይ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ከከዚራ ወደ መጋላ ሲሄድ ያቋርጠዋል። በ1998 ዓ.ም. ግን ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት ሞልቶ መጣና ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ይህን የሚያውቅ ተመራጭ የጎርፍ መከላከያውን ጉዳይ አንዴ አንስቶ አይተወውም። ሚኒስትሩ «በሂደት ላይ ነው» ካሉት በሚቀጥለው ሪፖርት «ከምን ደረሰ?» ማለት አለበት። ጊዜም የለውም። አዲሱ በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ምክር ቤቱ በዋዜማው ይዘጋል፣ ደቻቱ ደግሞ የሚያስፈራው ከዚያ በኋላ ነው። ጥያቄው አሸዋው ደረቅ እያለ መነሳት አለበት።

ክረምት ላይ ወደ መራጮቹ ይመለሳል። ድሬ አንቱታ ብዙም አታውቅም፤ «ክቡር» የሚለውም የለም። ሳቢያን መንገድ ላይ ያገኘው ሰው ትከሻውን ይዞ «አቦ፣ የጎርፉን ግንብ ነገር አነሳህልን?» ይለዋል።