በቀጠሮ ኦፕራሲዮን ለሚወልዱ እናቶች፦ መጠማት ግዴታ አይደለም

ቀጠሮ ተይዞላቸው በኦፕራሲዮን ሊወልዱ የሚመጡ እናቶችን ጠዋት ማደንዘዣ ልሰጥ ስቀበላቸው፣ የደረቀ ከንፈራቸውን አይቼ ምን እንደተባሉ አውቃለሁ። «ከእኩለ ሌሊት በኋላ ውሃ እንኳ እንዳትቀምሺ» ተብለዋል። ጎረቤት ብላቸው ኖሮ ባልተናደድኩ። ብዙ ጊዜ የሚላቸው ግን ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ነው።

«ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም አይቀመስም»

የዚህ ፍርሃት መነሻ ይታወቃል። ኩርቲስ ሜንደልሰን የተባለ አሜሪካዊ የማህፀን ሐኪም በ1946 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ ከ44,016 ወላዶች መካከል 66ቱ በማደንዘዣ ውስጥ ሳሉ ከጨጓራቸው የወጣው ወደ ሳንባቸው እንደገባ ዘገበ። ሁለቱ ሞቱ፤ የሞቱትም የበሉት ጠጣር ምግብ ትንፋሻቸውን ዘግቶት ነው። ልብ በሉ፣ ገዳዩ ምግብ እንጂ ውሃ አልነበረም። ማደንዘዣውም በዚያ ዘመን በአብዛኛው በጭንብል የሚሰጥ ጋዝ ነበር።

ስለ ምግብ ሕጉ ዛሬም ጥብቅ ነው፤ እኔም አልደራደርም። ቀላል ምግብ ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ጥብስና ቅባት የበዛበት ደግሞ 8 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ አስቀድሞ ማብቃት አለበት። ውሃ ግን ሌላ ነው። እርግዝና የጨጓራን የላይኛውን መዝጊያ ያላላል፤ ቃር የሚበዛውም ለዚህ ነው። ውሃ ከጨጓራ የሚወርድበትን ፍጥነት ግን አይቀንሰውም። ወራቸው የገባ፣ ምጥ ያልጀመራቸው እናቶች 300 ሚሊ ሊትር ውሃ ጠጥተው በአልትራሳውንድ ሲታዩ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጨጓራቸው ከመጠጣታቸው በፊት ወደነበረበት ተመልሷል። ስለዚህ የአሜሪካ የማደንዘዣ ሐኪሞች ማኅበር ሌላ ችግር የሌለባት እናት ኦፕራሲዮኑ 2 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ጥርት ያለ ፈሳሽ እንድትጠጣ ይፈቅዳል። ይህ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ ወረቀቱ ተለወጠ፣ አፋችን አልተለወጠም።

አንዲት እናት የጠዋቱ የመጀመሪያ ተረኛ ነበረች። ድንገተኛ ኦፕራሲዮን ገባ፣ ሌላም ተከተለ፣ እሷ ወደ ከሰዓት ተገፋች። ስትደርሰኝ ራሷን ይወቅራታል፣ ደም ስር ለማግኘት ክንዷን ደጋግመን ወጋናት። «እህቴ፣ ውሃ ለምን አልጠጣሽም?» ስላት «ጠጪ ያለኝ የለም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ተራዋን የገፋው ሰው ሁለት ቃል ቢጨምርላት ይበቃት ነበር። ስለዚህ ቀጠሮ ሲሰጣችሁ «ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው የማልበላው?» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ፤ «ውሃስ እስከ ስንት ሰዓት እጠጣለሁ?» በሉ። ተራችሁ ከተገፋም እንደገና ጠይቁ።

«ጣፋጩ መጠጥ ከውሃ ይበልጣል፣ ሕፃኑን ያበረታል»

አንዳንድ ሆስፒታሎች የሚሰጡት የካርቦሃይድሬት መጠጥ ብዙውን ጊዜ ማልቶዴክስትሪን የተባለ ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ የሚዘጋጅ ሲሆን፣ በ400 ሚሊ ሊትር ውስጥ 50 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ይይዛል። በትልልቅ የሆድ ኦፕራሲዮኖች ላይ ሰውነት የደም ስኳርን ለሚያወርደው ለኢንሱሊን የሚያሳየውን እምቢተኝነት ይቀንሳል። ለወላዷም ረሃብና ጥምን ያስታግሳል፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ አልፎ ቁስል ቶሎ ያድናል፣ ልጅ ያበረታል የሚለው ግን የሻጭ ወሬ ነው። ካላገኛችሁት ውሃ ጠጡ፤ ምንም አልቀረባችሁም። በጣሳ የሚሸጠው ካፌይን ያለበት የኃይል መጠጥ ደግሞ ዘመዱም አይደለም።

ስኳር ያለባት እናት በራሷ ፈቃድ አትጠጣው። የእናት ስኳር ሲያሻቅብ ሕፃኑ ኢንሱሊን ያመርታል፤ እትብቱ ሲቆረጥ ስኳሩ ይቋረጣል፣ ኢንሱሊኑ ግን ይቀራል፣ የሕፃኑም ስኳር ይወርዳል። «በደም ስሬ ግሉኮስ ይግባልኝ» ለምትሉም መልሱ ይኸው ነው።

«ወተትም ፈሳሽ ነው» ጨጓራ ውስጥ ይረጋል፤ እንደ ምግብ ይቆጠራል፣ 6 ሰዓት።

«ሻይና ቡና ክልክል ነው» ወተት ካልገባበት ይቻላል።

«ጁስስ?» በብርጭቆው አሻግራችሁ ጽሑፍ ማንበብ ከቻላችሁ አዎ። ወፍራሙ ምግብ ነው።

«የጀርባ መርፌ ስለሆነ ብበላም ችግር የለውም»

ከወገብ በታች የሚያደነዝዘው የጀርባ መርፌ አልፎ አልፎ አይይዝም፤ ያኔ ወደ ሙሉ ማደንዘዣ እንሄዳለን። ቁርሷን በልታ የደበቀች እናት አውቃለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ከተኛች በኋላ ማስታወክ ስትጀምር ነው ያወቅነው። እባካችሁ ተናገሩ። የሚመጣባችሁ ነገር ቢበዛ ቀጠሯችሁ ጥቂት ሰዓት መግፋቱ ነው።

ምጥ የጀመራት፣ እንደ ሞርፊን ያለ ማስታገሻ የወሰደች ወይም ጨጓራዋ ቀስ ብሎ የሚያወርድ እናት ግን ከላይ ያልኩትን ለራሷ አትውሰድ፤ ጨጓራዋ ቶሎ ላይወርድ ይችላልና የእሷን ሰዓት ማደንዘዣ የሚሰጣት ባለሙያ ይወስናል።

«ከኦፕራሲዮን በኋላም ጋዝ እስኪወጣ አይበላም» ይህም የዚያው የእኩለ ሌሊቱ ትእዛዝ ወንድም ነው። ለኦፕራሲዮን ወሊድ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የፈጣን ማገገም መመሪያ እናት ከኦፕራሲዮኑ በኋላ በ2 ሰዓት ውስጥ የተለመደ ምግቧን እንድትጀምር ይመክራል።