ፒፒፒ ምንድን ነው? የገቢ ዕቃስ በእሱ ይለካል?

የመግዛት አቅም ምጣኔ፣ በአጭሩ ፒፒፒ የሚሉት፣ የአገሮችን ገንዘብ በባንክ ምንዛሪ ሳይሆን አገር ቤት በሚገዛው ነገር ልክ የሚያነጻጽር መለኪያ ነው። አዲስ አበባ ላይ ፀጉር ለመቆረጥ የሚከፈለው ብር ዶላር ሲሆን ኒውዮርክ ላይ ወንበር ላይ እንኳ አያስቀምጥም። ሥራው ግን ያው ነው። ፒፒፒ ይህን የዋጋ ልዩነት ያስተካክላል። ስሙን ያወጣለት ስዊድናዊው የኢኮኖሚ ምሁር ጉስታቭ ካሴል ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1918 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ ከየአገሩ ዋጋ የሚያሰባስበው በዓለም ባንክ የሚመራው ዓለም አቀፉ የንጽጽር ፕሮግራም ነው።

እስከዚህ ጥሩ። ጣጣው የሚመጣው ከውጭ የገባውን ዕቃም በዚሁ እንለካ ሲባል ነው።

ጅቡቲን እንውሰድ። ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን ገደማ ነው፤ የምትበላውን አብዛኛውን ከውጭ ታስገባለች። ፍራንኳ ከ1949 ጀምሮ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው። ከ1973 ወዲህ 1 ዶላር 177.721 ፍራንክ ነው፣ ወይ ፍንክች! አንድ ነጋዴ የ1 ሚሊዮን ዶላር ሩዝ ከሕንድ አስገባ እንበል። 177.7 ሚሊዮን ፍራንክ ከፈለ ማለት ነው። ይህን በፒፒፒ ወደ ዶላር እንመልሰው። ለስሌት እንዲመች ብቻ የፒፒፒው ተመን ለ1 ዶላር 100 ፍራንክ ነው ብለን እንያዝ። ሩዙ 1.78 ሚሊዮን ዶላር ሆኖ ቁጭ! ሻጩ ግን የተቀበለው 1 ሚሊዮኑን ነው። ቀሪው ከየት መጣ? ከየትም። የጅቡቲ ፀጉር ቤት ርካሽነት ሩዙ ላይ ተለጥፎ ነው። ሩዝ ሻጭ ደግሞ የገዢውን ኑሮ አይቶ ዋጋ አይቀንስም።

ሁሉም አገር እንዲህ ቢያደርግ የዓለም ሒሳብ ይፈርሳል። አንዱ የሸጠው ሌላው የገዛው ነውና። ኑሮ ውድ ከሆነባት ስዊዘርላንድ የተጫነ መድኃኒት በፒፒፒ ተኮማትሮ ይሳፈራል፤ ጅቡቲ ሲደርስ አብጦ ይወርዳል። መርከቡ ላይ ግን አንድም ካርቶን አልተጨመረም። የንጽጽር ፕሮግራሙ ራሱ ይህን ስለሚያውቅ፣ በወጪና በገቢ ንግድ መካከል ያለውን ልዩነት የሚመነዝረው በገበያው ምንዛሪ ነው።

ጫቱን ደግሞ እዩት። ከኢትዮጵያ በየቀኑ ወደ ጅቡቲ ይገባል። ድንበር ላይ የተተመነው ዋጋ የገቢ ዕቃ ዋጋ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው፣ ከተማ ውስጥ የሚያከፋፍለው ሾፌር ደመወዝም ሆነ እርጥብ ጨርቅ አልብሳ መንገድ ዳር የምትሸጠው ሴት ትርፍ፣ የአገር ውስጥ አገልግሎት ነው። ፒፒፒ የሚያገባው እዚህ ነው። በአንድ ዙርባ ጫት ውስጥ ሁለቱም አሉ።

ገቢ ንግዱ ከኢኮኖሚው ስንት እጅ ነው ሲባልም ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። አንድ አገር በገበያ ምንዛሪ 4 ቢሊዮን፣ በፒፒፒ 8 ቢሊዮን ዶላር ያመርታል፤ 2 ቢሊዮን ዶላር ዕቃ ያስገባል እንበል። በአንዱ ግማሽ፣ በሌላው ሩብ ይመጣል። የኢኮኖሚ ተመራማሪዎቹ ፍራንሲስኮ አልካላና አንቶኒዮ ቺኮኔ በ2004 ሁለተኛውን መርጠዋል፤ የንግድን መጠን በገበያ ዶላር፣ ምርቱን በፒፒፒ። አገሮች ለንግድ ያላቸውን ክፍትነት ለማወዳደር ይህ ያስኬዳል። የስንዴ ዋጋ ቢንር አገሪቱ ምን ያህል ትጎዳለች ለሚል ሰው ግን፣ በእኔ እምነት፣ ፒፒፒውን ይተወው። ስንዴ የሚገዛው በእውነተኛ ዶላር ነው።

ለገቢ ዕቃ ብቻ የሚሠራ የራሱ ፒፒፒም አለ። ፔን ወርልድ ቴብል የተባለው የመረጃ ስብስብ ከ2013ቱ ስምንተኛ እትሙ ወዲህ የገቢና የወጪ ዕቃዎችን ዋጋ ከአገር አገር ለብቻው ያነጻጽራል፤ የጥራት ልዩነቱንም ለማስተካከል ይሞክራል። ለትንሽ አገር ይሄኛው ነው የሚጠቅመው። ጉምሩክ ዕቃውን አብዛኛውን ጊዜ የሚተምነው ከነማጓጓዣውና ከነኢንሹራንሱ ስለሆነ፣ ጥቂት ጭነት ከሩቅ የሚያስመጣ አገር በዚያው 1 ሚሊዮን ዶላር የሚያገኘው ኩንታል ያንሳል። ጅቡቲ ላይ ይህን ለመሥራት ግን መጀመሪያ የራሷን ፍጆታ ከአላፊው መለየት ያስፈልጋል። ወደቧ ላይ ከሚራገፈው ብዙው በጋላፊ ወይም በደወሌ አድርጎ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባ ነውና።