የሸሪዓ ፍርድ ቤት መጥሪያ፣ የፈረንጅ ውልና የኛ ሕግ

ስለ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ወሬ ሲነሳ ሁሉም ጠበቃ ይሆናል። አንዱ «በአንድ አገር ሁለት ሕግ!» ብሎ ይበሳጫል። ሌላው ደግሞ «ሙስሊም ሌላ ፍርድ ቤት ምን ሊያደርግ ይሄዳል?» ይላል። ፍርድ ቤቶቹ የሚተዳደሩበትን አዋጅ ገልጦ ያየ ግን ጥቂት ነው። ስለ እነሱ፣ እንዲሁም ስለ ቤተሰብ ሕጉና ስለ ከወለድ ነፃ ባንክ ደጋግሜ የምሰማቸውን የተሳሳቱ አባባሎች ልጥቀስ።

«ሸሪዓ ፍርድ ቤትን ያመጣው ኢሕአዴግ ነው»

አይደለም። የቃዲዎች (በእስልምና ሕግ የሚፈርዱ ዳኞች) ፍርድ ቤት በጃንሆይ ዘመንም በአዋጅ የቆመ ነበር። የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በቁጥር 3347፣ በሕጉ በተሸፈኑ ጉዳዮች ላይ የነበሩትን የቆዩ ደንቦችና ልማዶች ሻረ። ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው ቃዲዎቹም አብረው የቀሩ ይመስለዋል። እነሱ ግን ወንበራቸውን አልለቀቁም፤ መንግሥትም አልዘጋቸውም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትና አዋጅ ቁጥር 188/1992 ይህንኑ የነበረውን ነገር ሥርዓት አስያዙት፦ የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ የሸሪዓ ፍርድ ቤት። የሚዳኙት በእስልምና ሕግ ነው፤ የክርክሩ አካሄድ ግን በአገሩ የሥነ ሥርዓት ሕግ ይመራል።

«የቤተሰብ ሕጉ ከፈረንጅ የተገለበጠ ነው»

ግፊት አልነበረም አልልም። ኢትዮጵያ የሕፃናትና የሴቶች መብት ስምምነቶችን ፈርማለች። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት ደግሞ የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ግን ለሕጉ መለወጥ አደባባይ የጮኹት እዚሁ አገር ያሉ ሴቶች ናቸው። የሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ሥራ የሚያስታውስ ያውቃል።

ደግሞስ የቀደመው ሕግ ማን የጻፈው ነበር? የፍትሐ ብሔር ሕጉን ያረቀቀው ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ነው! ያ ሕግ ሴት ልጅን በ15 ዓመቷ ይድር ነበር። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ለወንዱም ለሴቷም 18 አደረገው። ሃይማኖትንም ገፍቶ አላስወጣም። በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ወይም በባህል የተፈጸመ ጋብቻ ሦስቱም ጋብቻ ነው። ዕድሜውና የተጋቢዎቹ ፈቃድ ግን ለሦስቱም ያው ነው። ይህ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ክልሎች የየራሳቸውን ያወጣሉ።

«ከወለድ ነፃ ባንክ የሙስሊም ብቻ ነው»

ማንም ገብቶ ሒሳብ መክፈት ይችላል። መደበኛ ባንኮች በመስኮት ደረጃ፣ ማለትም ከሌላው ሥራቸው ጎን ለብቻው ለይተው፣ ከጀመሩት ቆይተዋል፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ ተከፈተ። የሚጠየቀው መታወቂያ እንጂ ሃይማኖት አይደለም።

«ሙስሊም ከሆንክ ጉዳይህ የግድ እዚያ ነው የሚታየው»

ብዙ ሰው የተጎዳው በዚህ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 የቤተሰብና የግል ጉዳዮች በሃይማኖት ሕግ ሊዳኙ እንደሚችሉ ይናገራል። ግን አንድ ነገር አክሏል፦ «በተከራካሪዎች ፈቃድ»። የሁለቱም ፈቃድ ነው፣ የከሳሽ ብቻ አይደለም። አንዱ እንቢ ካለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ይህ የወረቀት ጌጥ እንዳልሆነ ያሳየች አንዲት ሙስሊም ሴት አለች። በውርስ ተከሰሰች። ሸሪዓ ፍርድ ቤት አልዳኝም አለች። ፍርድ ቤቱ መቃወሚያዋን ትቶ ፈረደ። ይግባኝ አለች፣ አልሆነላትም። በመጨረሻ ጉዳዩ በሕገ መንግሥት ትርጉም ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ። ምክር ቤቱ በ1996 ዓ.ም. ያለ ፈቃዷ የተሰጠውን ውሳኔ ሻረው። የከሰሷትም ሙስሊሞች፣ እሷም ሙስሊም ናት። እምነቷ ግን ስለ ፈቃዷ ሊፈርምላት አልቻለም።

በተቃራኒው፣ ፈቅዶ የገባ ሰው ፍርዱ የማያምረው ሲመስለው ፋይሉን ይዞ ወደ መደበኛው ልሂድ ቢል አይሆንለትም። አንዴ መርጧል።

«አልፈልግም ካልኩ መጥሪያውን መተው እችላለሁ»

በጭራሽ! አዋጅ 188 ላይ ሰው ሳያየው የሚያልፈው መስመር ይህ ነው። መጥሪያ በአግባቡ ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽ፣ በዚያ ፍርድ ቤት ለመዳኘት እንደተስማማ ይቆጠራል። ክሱም እሱ በሌለበት ይታያል። ዝም ማለት እንቢታ መስሎት ወረቀቱን ቴሌቪዥን ሥር የሸጎጠ ሰው፣ በሕጉ ዓይን እሺ ብሏል። እዚያ መዳኘት የማይፈልግ ሰው በቀጠሮው ቀን ሄዶ «አልፈቅድም» ማለት አለበት።