ልጥ በሰሜን ሸዋ

ልጥ ከዛፍ ወይም ከቁጥቋጦ ቅርፊት ሥር ተልጦ የሚወጣ ጭረታማ ሽፋን ነው። ስሙም ከአወጣጡ የተገኘ ነው። ብዙ ሰው ከቃጫ ጋር ያምታታዋል፤ ቃጫ ግን ከቅጠል የሚፋቅ ነው። የልጥ ጭረቶች የሚገኙት በደረቁ ቅርፊትና በእንጨቱ መካከል፣ ቅጠሎች ያዘጋጁት ምግብ ወደ ሥር በሚወርድበት ሽፋን ውስጥ ነው።

በደጋው ወልከፋ፣ በወይና ደጋው ለንቋጣ፣ በቆላው ግራር ለልጥ ይሆናሉ። ሚስማር እንደ ልብ ባልነበረበት ዘመን የጭቃ ቤት ማገር ከቋሚው ጋር የሚታሰረው በልጥ ነበር። እርጥብ ሳለ እንደ ፈለጉት ይታጠፋል፤ ሲደርቅ ቅርጹን ይዞ ይቀራል። እንጨት ለማሰርና ሸክም ለመጠፈርም ያገለግላል። ለሞፈርና ቀንበር ማሰሪያ ግን ገበሬው የሚመርጠው ከቆዳ የሚሠራውን ምራን ነው።

የልጥ ወጉ የሚደምቀው በቡሄ ሰሞን ነው። ነሐሴ 13 ቀን ከሚከበረው የደብረ ታቦር በዓል አስቀድሞ ወንዶች ልጆች ልጥ ወይም ቃጫ እየገመዱ ጅራፍ ይሠራሉ። ጅራፉ ከእጀታው ወፍሮ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ሲወነጨፍ ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት ስለሚበልጥ ይጮኻል። ምእመናን ጩኸቱን በታቦር ተራራ ደቀ መዛሙርቱን ካስደነገጠው ድምፅ ጋር ያያይዙታል። ወቅቱም ለሥራው የተመቸ ነው፤ በክረምት ዛፉ እርጥበት ስለሚሞላው ልጡ ሳይቆራረጥ ይላቀቃል።

ከዚሁ ወገን የሆኑ ሌሎች ጭረቶችም በአካባቢው ይታወቃሉ። የጥንቱ ጆንያ የሚሠራው ጁት ከተባለ ተክል ልጥ ነው፤ ዛሬ በእህል ገበያ ቦታውን የፕላስቲኩ ማዳበሪያ ወስዶታል። ተልባ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያስደንቀኛል። በመጽሐፍ ቅዱስ «የተልባ እግር» የተባለው የካህናት ልብስ የሚሠራው ከተልባ አገዳ ልጥ ነው። አገዳው ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ጭረቱን ከእንጨቱ ያጣበቀው ነገር ሲበሰብስ ክሩ ይለያል። የእኛ ደጋ ተልባ የሚዘራው ግን ለፍሬው ነው።

ስለ አላላጡ አንድ ነገር ሊሠመርበት ይገባል። ግንዱ ዙሪያውን ከተላጠ ምግብ ወደ ሥሩ መውረዱ ይቋረጥና ዛፉ ቆሞ ይደርቃል። ስለዚህ ልጥ መወሰድ ያለበት ከቅርንጫፍ ወይም ከጉቶ ካቆጠቆጠ ለጋ ቀንበጥ ነው።