«መጣሁ» ያለ ሰው ገና አልመጣም

እናቴ ከወጥ ቤት ስትጠራኝ «መጣሁ!» እላለሁ። ከሶፋው ግን ንቅንቅ አላልኩም። ትምህርት ቤት ደግሞ «መጣሁ» ኃላፊ ጊዜ ነው ተብለን ነው ያደግነው። ያላለፈ ነገር ኃላፊ ጊዜ ውስጥ ምን ይሠራል? መልሱን ለማግኘት ስለ ግስ የሚባሉ አምስት የተሳሳቱ አባባሎችን ከታች አንድ በአንድ እንይ።

«ጊዜና አስፔክት አንድ ናቸው»

አይደሉም። ጊዜ ድርጊቱ መቼ እንደሆነ ይናገራል። አስፔክት ደግሞ ድርጊቱን እንዴት እንደምናየው ነው፦ መሃሉ ገብተን ወይስ ከውጭ ሆነን፣ እንደ አንድ ሙሉ ነገር። «ትናንት በዚህ ሰዓት እየበላ ነበር»፣ «አሁን እየበላ ነው»፣ «ነገ በዚህ ሰዓት እየበላ ይሆናል» በሉ። ሦስት ጊዜ፣ አንድ «እየበላ»። ገልብጡት ደግሞ፦ «ጥሬ ሥጋ በላ» እና «ጥሬ ሥጋ ይበላ ነበር»። ሁለቱም ያለፉ ናቸው። አንዱ ግን አንድ ቀን ነው፤ ሌላው ልማድ።

«እንደ "መጣ" ያለ ግስ ሁሌም ያለፈን ይናገራል»

ብቻውን ሲቆም አዎ፣ አብዛኛውን ጊዜ። ግን «ነገ ከመጣ እነግረዋለሁ» እንላለን። «ራበኝ» ስንልም ረሃቡ አሁን ነው፣ ምሳም አልቀረበም። ይህ ቅርጽ ከጊዜው ይልቅ ነገሩን እንደ ተፈጸመ አድርጎ ማየት ይወዳል። ስለዚህ የእኔ «መጣሁ» ውሸት አይደለም። እናቴ ባትስማማም።

«የተፈጸመ ማለት ያለፈ ማለት ነው»

ሩሲያኛ የተማረ ሰው ይህን ቶሎ ያፈርሰዋል። «ፒሳል» ይጽፍ ነበር ነው፤ «ናፒሳል» ጽፎ ጨረሰ። ሁለቱም ያለፉ ናቸው። የ«ናፒሳል» ወንድም «ናፒሹ» ግን ወደፊት ነው፦ እጽፈዋለሁ፣ እጨርሰዋለሁ።

«ሁሉም ቋንቋ ሦስት ጊዜ አለው»

የእኛው «ይሄዳል» ለ«በየቀኑ»ም ለ«ነገ»ም ያገለግላል። ጃፓንኛም በግሱ ቅርጽ የሚለየው ያለፈውንና ያላለፈውን ብቻ ነው።

«ግሱ ጊዜ ከሌለው ተናጋሪው ትናንትና ነገን አይለይም»

ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ ስለ ቻይንኛ ነው። እውነት ነው፣ የቻይንኛ ግስ በጊዜ አይለዋወጥም። «ትናንት» እና «ነገ» የሚሉ ቃላት ግን አሉት። ድርጊቱ መፈጸሙን የምታሳይ «ለ» የምትባል ትንሽ ቃልም አለችው፤ ቻይናዊው ነገ ምሳ በልቶ እንደሚሄድ ሲናገር «ቺ» ከሚለው መብላት ኋላ ይለጥፋታል። እኛስ? «ነገ በልቼ እሄዳለሁ»፣ «ትናንት በልቼ ሄድኩ»። «በልቼ» ራሷ መቼ እንደሆነ አትናገርም፤ መጀመሪያ መብላቱ እንደሚያልቅ ብቻ እንጂ።